የአባቴ ካሴት እና የቫልቭ አምፕሊፋየሬ፦ የማሻሻያ ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 24

ዛሬ ክዳኑን ፈታሁት። ይህን የሄድፎን አምፕሊፋየር የሠራሁት ባለፈው ክረምት፣ ደሴ ቤታችን ውስጥ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ከቤት የሚያስወጣ ነገር የለም። መበየጃ ይዞ መቀመጥ ነው።

ውስጡ ያሉት ቫልቮች፣ ማለትም ድምፅ የሚያጎሉት የመስታወት ቱቦዎች፣ ሁለት ናቸው። አንዱ ኢሲሲ 82 ነው። ከካሴት ማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ሲግናል አሥር እጥፍ ያህል ያጎላል። ሌላው 6ኤን6ፒ የሚባለው የሶቪየት ሥሪት ነው። ሄድፎኑን የሚገፋው ጉልበት የሚመጣው ከእሱ ነው። ስማቸውን ማንበብ መቻል ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። በአውሮፓው አሰያየም "ኢ" ማለት የማሞቂያ ክሩ 6.3 ቮልት ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለቱ "ሲ" በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ትራዮድ አለ ይላሉ፤ ትራዮድ ማለት ኤሌክትሮን የሚለቅ ካቶድ፣ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ግሪድና የሚቀበል አኖድ ያለው ማጉያ ነው። 8 ባለ 9 እግሩን ትንሽ ሶኬት ያመለክታል። በሶቪየቱ ደግሞ 6 ያው 6.3 ቮልት ነው። "ኤን" ጥንድ ትራዮድ፣ "ፒ" ጣት የሚያህል የመስታወት አካል ነው።

ለምን እንደማሻሽለው ልጻፍ፤ በኋላ ሲደክመኝ አነበዋለሁ። አባቴ በ1979 ዓ.ም. በአጎቴ ሠርግ ላይ፣ ሐይቅ አካባቢ፣ በራሱ ቴፕ የቀዳው ካሴት አለን። አንደኛው ገጽ ማሲንቆ ነው፤ አዝማሪው ረጅም አምባሰል ይጫወታል። ሁለተኛው ገጽ መንዙማ ነው፣ በድቤና በጭብጨባ። የአባቴ ወገን ክርስቲያን፣ የእናቴ ወገን ሙስሊም ነው። ወሎ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ሠርጉም ሁለቱንም አስተናግዷል። ማሲንቆው ከመጀመሩ በፊት የአባቴ ድምፅ አለ። አንድ አጭር ነገር ይናገራል። ምን እንዳለ ግን እስከ ዛሬ ይዘነው አናውቅም። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው።

አምፕሊፋየሩ አሁን ባለበት ሁኔታ ያንን ድምፅ አያወጣልኝም። ከበስተጀርባ እምምታ አለው። ድቤው ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሲበራ ደግሞ ሄድፎኑ ላይ "ዱብ!" ይላል፤ ጆሮም ሄድፎንም ይጎዳል።

መነሻ ልኬት፦ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖ መውጫው ላይ 7.8 ሚሊቮልት እምምታ። ከፍተኛው ቮልቴጅ 200። የ6ኤን6ፒው ካቶድ 88 ቮልት ላይ፤ በእያንዳንዱ ጎን 20 ሚሊአምፔር።

መስከረም 25

ሌላ ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት አንድ ሬዚስተር ጨመርኩ። 100 ኪሎኦም፣ 2 ዋት፣ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅመው በዋናው ካፓሲተር ጫፎች ላይ።

ምክንያቱን ላስረዳ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። ቫልቮቹ ትኩስ ሆነው ሲጠፋ ራሳቸው ካፓሲተሩን ያራግፉታል። ቫልቭ ተነቅሎ ከተሞከረ ወይም የአንዱ ክር ከተቃጠለ ግን ቮልቴጁ እዚያው ቁጭ ይላል። ዛሬ ቫልቮቹን ነቅዬ አበራሁት፣ አጠፋሁት፣ ሶኬቱንም ነቀልኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስለካ 150 ቮልት ቆሞ ጠበቀኝ። ያ ልብ የሚያቆም ቮልቴጅ ነው። ሬዚስተሩ ከገባ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እኔ ግን አሁንም ከመንካቴ በፊት እለካለሁ። ስለካም ግራ እጄን ኪስ ውስጥ እከታለሁ፤ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል መንገድ እንዳያገኝ።

ጥቅምት 2

ፒያሳ ሐጂ ጋ ሄድኩ። ሐጂ ሬዲዮ መጠገን የጀመሩት ትራንዚስተር ደሴ ገና ሳይለመድ ነው። አሁን የሚጠግኑት ሞባይልና ዲሽ ነው። ቫልቭ ሲያዩ ግን ፊታቸው ይበራል።

"ኧረ ይሄን ከየት አመጣኸው ልጄ?" አሉ፣ 6ኤን6ፒውን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ።

"ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ ሐጂ። አራት ናቸው።"

እምምታውን አሰማኋቸው። ሄድፎኑን አንድ ጆሯቸው ላይ ብቻ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሁለት ናቸው" አሉ። "አንዱ ወፍራም ነው፣ ሌላው እንደ ዝንብ ነው።"

ይህ ነገር ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ብቀመጥ የማይገለጥልኝ ነበር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ከማሞቂያ ክሩ ሽቦ ወይም ከትራንስፎርመሩ ሜዳ የሚሾልክ እምምታ 50 ኸርዝ ይሆናል፤ ወፍራምና ለስላሳ። በዳዮድ ተስተካክሎ ወደ ዲሲ (አቅጣጫው ወደማይቀያየር ጅረት) የተቀየረው ቮልቴጅ ግን በእያንዳንዱ ዑደት ሁለቴ ስለሚሞላ ሞገዱ 100 ኸርዝ ነው፤ ሹል ጫፍም ስላለው እንደ ዝንብ ይነዘንዛል። ሁለቱ ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። የንግግር ድምፅን የሚሸፍነው ዋናው ዝንቡ ነው፤ ተደራቢ ድግግሞሾቹ ወደ ላይ እስከ ሰው ድምፅ ድረስ ይወጣሉ።

ሐጂ የፊተኛውን ቫልቭ ነቅለን እምምታው ይቀራል ወይ እንይ አሉ። የድሮ ሬዲዮ ላይ ትክክለኛ ዘዴ ነው። የእኔ ግን ሁለቱ ቫልቮች ያለ ካፓሲተር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። ኢሲሲ 82ቱ ከተነቀለ የኋለኛው ግሪድ ወደ 200 ቮልት ይሰቀላል፤ ካቶዱም ተከትሎት ይወጣል። ይህን ስነግራቸው ንድፉን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነትህን ነው። እንግዲያው ግሪዱን ከመሬት ጋር አገናኘው።" መሬት የሚሉት የአምፕሊፋየሩን የዜሮ ቮልት ነጥብ ነው። በክሊፕ ሽቦ አገናኘነው። እምምታው አልቀነሰም። ስለዚህ ከካሴት ማጫወቻውም ከቮልዩሙም አይደለም።

ከዚያ ያሳዩኝ ዘዴ አይረሳኝም። የማሞቂያ ክሩን ሽቦ ለቅጽበት ፈቱት። ቫልቭ ክሩ ቢጠፋም ካቶዱ ስለሚግል ለጥቂት ሰከንድ መሥራቱን ይቀጥላል። ሽቦው እንደተፈታ ወፍራሙ ድምፅ ወዲያው ጠፋ። ዝንቡ ብቻ ቀረ፤ ቀስ እያለም ሞተ።

"ሰማህ?" አሉኝ።

ሰማሁ። ሒሳብ አልተቀበሉኝም። "ሲያልቅ ካሴቱን ታሰማኛለህ" ብቻ ነው ያሉት።

ጥቅምት 9

የክሩ ሽቦዎች ጥፋት የእኔ ነው። ክረምት ላይ ስቸኩል ጎን ለጎን ቀጥ አድርጌ ነበር የዘረጋኋቸው፤ ያውም ከመግቢያው ሽቦ አጠገብ። ዛሬ ሁሉንም አነሳሁ። ሁለቱን ሽቦዎች ጠበቅ አድርጌ ገመድኳቸው፤ እንደ ሹሩባ ማለት ይቻላል። ሲገመዱ የአንዱ ሜዳ የሌላውን ያጠፋዋል። በሣጥኑ ጥግ ጥጉን ወስጄ ወደ ሶኬቱ ያስጠጋኋቸው መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ክሩን ከፍ ማድረግ ነበር። የ6ኤን6ፒው ካቶድ 88 ቮልት ላይ ተቀምጦ ክሩ ዜሮ ላይ ሲሆን መሀላቸው ትንሽ ፍሳሽ ይኖራል። ከ200 ቮልቱ በሁለት ሬዚስተር ከፋፍዬ፣ በካፓሲተር አጥርቼ፣ የክሩን ጥቅል መሀል 45 ቮልት ላይ ሰቀልኩት። ክሩ አሁንም 6.3 ቮልት ነው የሚያገኘው፤ የተቀየረው ከመሬት ያለው ከፍታ ብቻ ነው።

መሬቱንም አስተካከልኩ። ከዚህ በፊት መሬት የሚፈልገውን ሁሉ ያገኘሁበት ብሎን ላይ አስሬ ነበር። አሁን ሁሉም ወደ አንድ ነጥብ ይመጣል፤ ያ ነጥብ ደግሞ ሣጥኑን የሚነካው መግቢያው አጠገብ በአንድ ቦታ ብቻ ነው።

ልኬት፦ 3.1 ሚሊቮልት። ወፍራሙ ጠፍቷል ማለት እችላለሁ። ዝንቡ አለ።

ጥቅምት 17

ኮምቦልቻ ደርሼ መጣሁ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል። የሄድኩት ለትራንስፎርመር ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስላለ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች አሉ። ሞተር የሚጠመጥም እጅ ትራንስፎርመርም ይጠመጥማል።

አዲስ ትራንስፎርመር ለምን አስፈለገ? ድቤው ሲመታ ድምፁ የሚሰነጠቀው የጉልበት እጥረት ስላለ ነው። ሄድፎኔ 32 ኦም ነው። 20 ሚሊአምፔር ላይ የተቀመጠ ቫልቭ ወደዚያ ሄድፎን ሊልክ የሚችለው ጫፉ 20 ሚሊአምፔር ነው፤ ያ ደግሞ 6.4 ሚሊዋት ብቻ ነው። ለማሲንቆ ይበቃል። ለድቤ አይበቃም። በእያንዳንዱ ጎን ሙሉ 6ኤን6ፒ ባደርግ፣ ሁለቱን ግማሾች አጣምሬ፣ 40 ሚሊአምፔር አገኛለሁ። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው፤ 25 ሚሊዋት ተኩል ይደርሳል። እስካሁን የምጠቀምበት፣ ሁለት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመሮችን ጀርባ ለጀርባ ያያያዝኩበት ዘዴ ይህን አይሸከምም። አሁንም ይግላል።

እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለ ባለ 300 ኦም ሄድፎን ቢኖረኝ ይሄ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። ያለ መውጫ ትራንስፎርመር የሚሠራ ቫልቭ የሚስማማው ለእንዲህ ያለው ነው። ግን ያለኝ 32 ኦሙ ነው፤ የምሠራውም ለእሱ ነው።

ይዤ የሄድኩት ከሞተ ዩፒኤስ ያወጣሁትን ትራንስፎርመር ነው። የብረቱ እምብርት 3.2 በ4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 12.8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለ50 ኸርዝ፣ ብረቱን ሳያስጨንቁ ለመሥራት፣ 45ን ለስፋቱ ማካፈል ይበቃል፤ በአንድ ቮልት 3.5 ዙር። ስለዚህ ለ220 ቮልቱ 770 ዙር። ለከፍተኛው 155 ቮልት 543፤ በጭነት ስለሚወርድ 5 በመቶ ጨምሬ 570 አልኩ። ለክሩ 6.3 ቮልት 23 ዙር፣ በ1 ሚሊ ሽቦ። ሌሎቹ በ0.3 ሚሊ። ቁጥሩን በቁጠባ ሳይሆን በስፋት ነው የያዝኩት። ማታ ማታ ቤታችን 204 ቮልት ይወርዳል፣ እኩለ ሌሊት 232 ይደርሳል። የተጨነቀ ብረት ቮልቴጅ ሲጨምር ማጉረምረም ይጀምራል።

ባለሙያው ወረቀቱን አየና፣ "ወንድሜ፣ ይሄ መዳብ ቅጠል ምንድን ነው?" አለኝ። በመጀመሪያው ጥቅልና በሁለተኛው መሀል አንድ ዙር ስስ መዳብ እንዲገባ ጽፌ ነበር፤ ከመብራቱ መስመር የሚመጣውን ጫጫታ ወደ መሬት የሚያወርድ መጋረጃ ነው። ሊበይደው ጫፎቹን ሲያገናኝ ደረስኩበት። መገናኘት የለባቸውም! ከተገናኙ ራሱን የቻለ የተዘጋ ዙር ይሆናል፤ ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል። ጫፎቹ እንዲደራረቡ፣ በመሀላቸው ግን መለያ ወረቀት እንዲገባ አደረግን። ለእሱም አዲስ ነገር ነበር። ደስ እያለው ሠራው፤ ንጹሕ ሥራ ነው፣ ዙር በዙር ላይ አልወጣም።

ጥቅምት 19

ትራንስፎርመሩን በቀጥታ አልሰካሁትም። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ አገናኝቼ ነው ያበራሁት። ውስጡ የተነካካ ነገር ቢኖር አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራ ነበር። ትንሽ ቀላ ብሎ ጠፋ። ጥሩ ነው።

ክሩ ላይ ሙሉ ጭነት ጭኜ 6.3 ቮልት። በ204 ቮልት ጊዜ ሲሰላ 5.84 ይሆናል። ከ10 በመቶ ልዩነት አይወጣም፤ ቫልቭ እስከዚያ ድረስ ይታገሣል።

ጥቅምት 23

የዝንቡ ቀን።

ዝንቡን የሚገድለው ማጥሪያ ነው። እስካሁን የነበረኝ ካፓሲተር፣ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ካፓሲተር ነው። አዲሱ አምፕ 85 ሚሊአምፔር ይበላል፤ በ100 ማይክሮፋራድ ላይ ሞገዱ ወደ 8 ቮልት ይጠጋል። ይህን ለማጥፋት ቾክ ያስፈልጋል፤ በብረት ላይ የተጠመጠመ ጥቅል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ቾክ ደሴ ላይ አይገኝም። ሰኞ ገበያ ላይ ግን የድሮ የፍሎረሰንት ባላስት ሞልቷል፤ ሰዉ ወደ ኤልኢዲ ስለዞረ የሚፈልገው የለም። የ36 ዋት ባላስት ማለት ቾክ ማለት ነው። በ0.43 አምፔር እንዲሠራ ታስቦ፣ ብረቱ መሀል ክፍተት ተትቶለት የተሠራ ስለሆነ የእኔን 85 ሚሊአምፔር ዲሲ ከጉዳይ አይቆጥረውም። ኢንደክታንሱ 1.2 ሄንሪ ገደማ ነው። ከኋላው 220 ማይክሮፋራድ ሲሆን የ100 ኸርዙን ሞገድ ወደ አንድ መቶኛ ያወርደዋል። ለመግዛት ያወጣሁት የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው።

ለኢሲሲ 82ቱ ደግሞ ተጨማሪ 2.2 ኪሎኦምና 47 ማይክሮፋራድ ሰጠሁት። የሚያጎላው እሱ ስለሆነ ንጹሑ እንጀራ ለእሱ ይገባል።

ባላስቱን የትም ማሰር ግን አይቻልም። ከትራንስፎርመሩ ሜዳ ውስጥ ከገባ ራሱ እምምታ ይለቅማል። ቦታውን ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። ትራንስፎርመሩን ብቻ አበራሁ። ባላስቱን ከምንም ሳላገናኝ ሁለቱን ጫፎቹን ሄድፎን ላይ ሰካሁ። ከዚያ በእጄ እያዞርኩ፣ እያራቅኩ፣ እያቀረብኩ አዳመጥኩ። በአንድ በኩል ይጮሃል። 90 ዲግሪ ሲዞር ድምፁ ይሞታል። የሞተበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ በብሎን አሰርኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አንዷም ደቂቃ አታስቆጨኝም።

ልኬት፦ 0.5 ሚሊቮልት።

ኅዳር 2

ሁለተኛው 6ኤን6ፒ ገባ። ላሜራውን መብሳት፣ ሶኬት ማሰር፣ ሽቦ ማዞር የታወቀ ነው። የካቶዱ ሬዚስተር አሁን 2.2 ኪሎኦም ነው፤ 4 ዋት ሊጠጋ ስለሚያቃጥል ባለ 10 ዋት አደረግኩት። በእያንዳንዱ ካቶድ ሥር 10 ኦም አስገባሁ። ይህች 10 ኦም ሁለቱ ግማሾች ጭነቱን እኩል እንዲካፈሉ ትረዳለች። ለመለኪያም ትመቻለች፤ ጫፎቿ ላይ 0.2 ቮልት ካነበብኩ 20 ሚሊአምፔር ነው፣ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም።

ቀኙ ወዲያው ሠራ። ግራው አስጨነቀኝ። ካቶዱ አንዴ 70፣ አንዴ 110 ቮልት ያሳያል። የመልቲሜትሩን ጫፍ ሳስጠጋ ቁጥሩ ይለወጣል። ሄድፎኑ ላይ ድምፅ የለም፤ ሬዚስተሩ ግን እንደ ምጣድ ግሏል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብየዳዬን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ምንም።

ማታ ተኝቼ መጣልኝ። የግራዎቹ ግሪዶች ላይ የምትገባዋን 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ረስቻለሁ። 6ኤን6ፒ ጠንካራ ቫልቭ ነው። ሁለቱን ግማሾች አጣምረህ በባዶ ሽቦ ካገናኘኸው በጆሮ በማይሰማ ከፍታ በራሱ ይወዛወዛል፤ አስተላላፊ ጣቢያ ይሆናል። ሬዚስተሯ ከሶኬቱ እግር ላይ በቀጥታ መበየድ አለባት፤ በሽቦ ርቃ ከሄደች ጥቅም የላትም። ጠዋት ለእያንዳንዱ ግሪድ አንድ አንድ በየድኩ። ግራው 90 ቮልት ላይ ተቀምጦ ዝም አለ።

ኅዳር 9

የመውጫ ካፓሲተሮች። ካቶዱ ላይ ያለው 90 ቮልት ሄድፎኑ ጋ እንዳይደርስ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። የቀድሞዎቹ 22 ማይክሮፋራድ ነበሩ። የአንዱ ግማሽ ቫልቭ መውጫ 90 ኦም፣ ሄድፎኑ 32፤ በዚህ ስሌት ከ59 ኸርዝ በታች ድምፁ መውረድ ይጀምራል። የድቤው ሆድ የጠፋው እዚያ ነው። አሁን ሁለቱ ግማሾች ስለተጣመሩ መውጫው 45 ኦም ሆኗል። 330 ማይክሮፋራድ ሳስገባ ወሰኑ ወደ 6 ኸርዝ ወረደ።

330ዎቹ የመጡት ከሁለት የተቃጠሉ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላዮች ነው። የድሮዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ጥንድ ባለ 200 ቮልት ካፓሲተር ነው የሚይዙት። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አንድ ባለ 400 ይይዛሉ። ባለ 400ውን መርጬ ነው የወሰድኩት። ሲነሣ ኢሲሲ 82ቱ ሳይሞቅ 6ኤን6ፒው ከቀደመው ካቶዱ ለአፍታ ወደ ሙሉው ቮልቴጅ ሊወጣ ይችላል። በዚያች አፍታ ባለ 200 ጠርዝ ላይ ነው።

ያገለገለ ካፓሲተር ያፈሳል የሚል ስጋት ነበረኝ። ከሰካኋቸው በኋላ ሄድፎኑን ሳላገናኝ ለአንድ ሰዓት ተውኳቸውና መውጫው ላይ ያለውን ዲሲ ለካሁ። ግራ 2 ሚሊቮልት፣ ቀኝ 3። ይሁን።

ጎናቸው ላይ 1 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር ጨምር፣ ድምፁ ይጠራል ይባላል። ጨመርኩ። አዳመጥኩ። አወጣሁ። አዳመጥኩ። ለእኔ ጆሮ ልዩነት የለውም። አወጣሁት።

ቮልዩሙ መግቢያ ላይ 100 ኪሎኦምም ጨመርኩ። አሥር እጥፍ ማጉላት ለዚህ ሄድፎን ብዙ ስለነበር ቁልፉ ገና ሲነካ ይጮህ ነበር። ርካሽ ቮልዩም ደግሞ መጀመሪያው ላይ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። አሁን እስከ ግማሽ ድረስ እጠመዝዘዋለሁ፤ አዝማሪው መሀል ላይ ተቀመጠ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ አውጥቶ እያጠነ ነው፤ ጭሱ ቤት ድረስ ይገባል። መበየጃ አልነካሁም።

ኅዳር 16

"ዱብ!" የሚለውን ለማስቀረት ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ ሠራሁ። በ555 የጊዜ ቆጣሪ አይሲ፣ 470 ኪሎኦምና 100 ማይክሮፋራድ። ሲበራ 52 ሰከንድ ገደማ ይጠብቅና ሄድፎኑን ያገናኛል። በዚያን ጊዜ ቫልቮቹ ሞቀዋል። የመውጫ ካፓሲተሮቹም ከሪሌው በፊት ባስቀመጥኳት 2.2 ኪሎኦም በኩል ሞልተዋል።

ሪሌውን መጀመሪያ ያበላሁት ከአሮጌ የሞባይል ቻርጀር ነበር። ስህተት ነው! ቀጭን ፉጨት ይዞ መጣ። ከሁለት ወር ልፋት በኋላ ያንን ፉጨት ስሰማ ሆዴ ባባ። ቻርጀሩ በውስጡ በከፍተኛ ፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው፤ ጫጫታውን በየሽቦው ይበትናል። አውጥቼ በድሮ ሬዲዮ አዳፕተር፣ ክብደት ባለው ባለ ትራንስፎርመሩ ተካሁት። ፉጨቱ ጠፋ።

እየሞከርኩ ሳለ መብራት ሄደ። እሱም ጠቀመኝ። መብራቱ ወዲያው ሲመለስ ሪሌው እንደገና ከዜሮ ካልቆጠረ ሄድፎኑ ተገናኝቶ ይጠብቃል። ቆጠራ ላይ ያለው ካፓሲተር ሲጠፋ ቶሎ እንዲራገፍ አንድ ዳዮድ ጨመርኩ። አሁን መብራት ስንቴ ቢመላለስ 52 ሰከንዷን ይጠብቃል።

ኅዳር 20

ከዋንዛ የተሠራው ሣጥን ዛሬ ተገጠመ። ላይኛው ላሜራ ላይ አየር ማስወጫ ቀዳዳ አለው። የመጨረሻ ልኬት፦ 0.3 ሚሊቮልት፣ ሁለቱም ጎን።

ሐጂ ቃላቸውን አልረሱም፤ ከመግሪብ በኋላ መጡ። እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። ሐጂ "አስቀድሜ ባዶውን ልስማ" ብለው ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ካሴት የለም፣ ቮልዩሙ ዜሮ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ።

"በርቷል?" አሉኝ።

"በርቷል ሐጂ።"

"ወላሂ ዝም ብሏል።"

ከዚያ ካሴቱን አስገባሁና ሄድፎኑን ለእናቴ ሰጠኋት። የካሴቱ የራሱ ሽሽታ አለ፤ እሱ ቴፑ ውስጥ ያለ ስለሆነ አምፕሊፋየር አያጠፋውም፣ እኔም ላጠፋው አልሞከርኩም። ሽሽታው ሥር ግን ነገሮች አሉ። የሚንቀሳቀስ ወንበር። ከሩቅ የሚያለቅስ ሕፃን። ማሲንቆው ሲቃኝ የጭራው ክር ላይ የደጋኑ መፋተግ።

እናቴ እጇን አነሳች። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቃ ያዘችው።

"'ይቀዳል ወይ?' ነው ያለው" አለች።

ካሴቱን መለስኩና እኔም ሰማሁት። አባቴ ነው። ከማይኩ ራቅ ብሎ፣ ለሌላ ሰው፣ በጥድፊያ፦ "ይቀዳል ወይ?" አንድ ሰው "አዎ አዎ" ይለዋል። ከዚያ ማሲንቆው ይገባል።

"ቴፑን አያምነውም ነበር እኮ" አለች እናቴ። "ከጨረሰ በኋላም መልሶ ካልሰማ አይተኛም።"

ሐጂ ሁለተኛውን ስኒ ተቀበሉ። ሁለተኛውን ገጽ ለማዞር ስነሣ እናቴ ከለከለችኝ። እንደገና ከመጀመሪያው አድርገው አለችኝ።